ሕፃኑ ለፖፖ የሚደርሰው መቼ ነው?

 

የቲምን ስለ መደገፍ ሲወሳ ለብዙዎቻችን የሚታወሰን እህል፣ ልብስና የትምህርት ወጪ ነው። በአክስት ወይም በአያት እጅ ላለ የሁለት ዓመት ሕፃን ግን የየዕለቱ ፈተና ሽንቱ ነው። በዚህም ምክንያት የሚገረፉና «ሽንታም» እየተባሉ የሚሸማቀቁ ልጆች አሉ። ስለዚህ በገንዳ ውሃና በመተማ ቆላ ላሉ አሳዳጊዎች ይህን ጉዳይ እናነሳለን።

አብዛኞቹ ሕፃናት ለፖፖ የሚደርሱት ከ18 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ዕድሜ ብቻውን ግን አይበቃም። ሕፃኑ ቁጢጥ ብሎ መቀመጥና መነሳት፣ ሱሪውን ዝቅ ማድረግ፣ «ጫማህን አምጣ» ሲባል መታዘዝ ይችላልን? ከመጸዳዳቱ በፊት ጥግ ይይዛልን? እርጥብ ልብስ ይጠላልን? ለሁለት ሰዓት ያህል ሳይሸና መቆየቱም ዋና ምልክት ነው። ይህኛው ምልክት ግን በእኛ ቆላ ሊያሳስት ይችላል። ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስባቸው ወራት ብዙው ውሃ በላብ ስለሚወጣ፣ ልብሱ ደርቆ የቆየው ሕፃኑ ስለ ተጠማ ሊሆን ይችላል። ሽንቱ ጥቂትና ደማቅ ቢጫ ከሆነ ውሃ ይጨመርለት። እንዳይሸና ተብሎ ውሃ መከልከል ፈጽሞ አይገባም።

ለምዶ የነበረ ልጅ እናቱን ወይም አባቱን ሲያጣ፣ ቤትም ሲቀይር ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ በመተማ ዮሐንስ በኩል ከገቡት ቤተሰቦች መካከል እንዲህ ያሉ ሕፃናት መኖራቸው አያስደንቅም። ይህ እልኸኝነት አይደለም፤ የደረሰበት ሐዘን ነው። አዲስ ቤት የገባ ሕፃን ጥቂት ሳምንታት ተረጋግቶ ቢጀምር ይሻላል።

ቡኻሪና ሙስሊም እንደ ዘገቡት፣ የኡሙ ቀይስ ሕፃን ልጅ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልብስ ላይ በሸና ጊዜ ውሃ አስመጥተው ረጩበት እንጂ አልተቆጡም። በውሃ መርጨት ይበቃል የተባለው ምግብ ላልጀመረ ወንድ ሕፃን መሆኑን ዑለማዎች ገልጸዋል። ምግብ የጀመረ ልጅ ሽንት ይታጠባል። ርኅራኄው ግን በዕድሜ የተገደበ አይደለም።

ልምምዱ ቀላል ነው። ከእንቅልፍ ሲነሳና ከምግብ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ፣ ከሠራም ማመስገን ነው። ጥልቅ የሆነውን የመጸዳጃ ጉድጓድ ሕፃናት ስለሚፈሩት፣ አነስተኛ ፖፖ ወይም አሮጌ ሳፋ ይሻላል። የሕፃን ዓይነ ምድር «ንጹሕ ነው» የሚለው አባባል ስሕተት ነው፤ ተቅማጥ ያስተላልፋልና ጉድጓድ ውስጥ ይደፋ፣ እጅም በሳሙና ይታጠብ። ሴት ልጅ ከፊት ወደ ኋላ ትታጠብ። ድርቀት ያለበት ልጅ ስለሚያመው ይሸሻል፤ በመጀመሪያ ድርቀቱ ይታከም።

የሌሊቱ ነገር ዘግይቶ ይመጣል፤ እስከ አምስት ዓመት ፍራሽ ማርጠብ የተለመደ ነው። ሲሸና የሚያለቅስ፣ የሚያተኩሰው ወይም ያለ ልክ የሚጠማ ልጅ ግን ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ለጋሾቻችን ለሕፃናት በምትልኩት እርዳታ ላይ ሁለት ቅያሪ ሱሪ፣ አንድ ፖፖና ሳሙና ብትጨምሩ አሳዳጊዎችን ከብዙ ጭንቀት ታሳርፋላችሁ።