የዝናብ ድምርና የዝናብ ስርጭት

የአንድን ደረቅ አካባቢ ዝናብ በድምሩ ብቻ መመዘን ያሳስታል። በወቅቱ እኩል 300 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚያገኙ ሁለት ቆላማ ቦታዎችን እናስብ። በአንደኛው 10 ሚሊ ሜትር ለ30 ቀናት፣ በሁለተኛው 50 ሚሊ ሜትር ለ6 ቀናት ይዘንባል። በሁለተኛው ቦታ አብዛኛው ውሃ ወደ አፈር ሳይሰርግ በጎርፍ ይሄዳል፤ በዝናቦቹ መካከል ባሉት ረጅም ደረቅ ቀናትም ቡቃያው ይጠወልጋል።

ሙቀት ይህን ችግር ያባብሰዋል። አየር ሊይዝ የሚችለው የውሃ ተን ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ጭማሪ በ7 በመቶ ገደማ ያድጋል። ስለሆነም ሞቃት አየር በደረቁ ቀናት ከአፈር ብዙ እርጥበት ይመጥጣል፤ በሚዘንብበት ጊዜ ደግሞ በኃይል ያወርደዋል።

በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከመደበኛው አንሰው የአርብቶ አደሩ ከብት አለቀ። በ2023 መጨረሻ ግን ሶማሌ ክልልን ከባድ ጎርፍ መታው። ለሁለቱም የላ ኒና እና የኤል ኒኞ መፈራረቅ ድርሻ ነበረው።

እንግዲህ የዝናብ መዝገብ የሚያነብ ተማሪ ከድምሩ ጎን ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የዘነበባቸውን ተከታታይ ቀናት ይቁጠር። የሰብሉን ዕጣ የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ይህ ቁጥር ነው።