ዓሣ አጥማጅና የሐይቅ ዳር ውሃ

የጾም ወራት በደረሰ ቁጥር ከዝዋይና ከሐዋሳ ሐይቆች የሚወጣው የዓሣ ገበያ ይደራል። ዓሣ ሰውነትን የሚገነባ መልካም ምግብ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት አናስብም፤ የሐይቅ ዳር ሰው ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋልና። ዛሬ ልንገልጽ የምንወደው ዓሣው ከገበታ ከመድረሱ አስቀድሞ ያጠመደው ሰው በገዛ አካሉ ስለሚከፍለው ዋጋ ነው።

ዓሣ አጥማጅ መረቡን ማታ ጥሎ ሲነጋ ያወጣል። በጀልባው ላይ ሳለ፥ በጥልቁ ውሃ መካከል፥ እኛ የምንናገርለት አደጋ እምብዛም አያገኘውም። አደጋው የሚጀምረው ወደ ዳር ሲመለስ ነው። ጀልባውን ለመጎተት እስከ ጉልበቱ፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ይቆማል፤ መረቡን እዚያው ያጥባል፤ ልጆቹ የቆሮሶውን ቅርፊት እየፋቁ እጃቸውን እዚያው ይነክራሉ። ሰውነቱን ለማቅለል የፈለገም እንደ ሆነ መጸዳጃ ቤት በአጠገቡ ስለሌለ ከቄጠማው ውስጥ ገባ ብሎ ይመለሳል።

የአንጀት ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ መንገዱ ይኸው ነው። ማንም ሰው በሽታው ከዓሣው ሥጋ የመጣ እንዳይመስለው። በሽታውን የሚያመጡት ትሎች ርዝመታቸው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን በአንጀት ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይኖራሉ፤ እንቁላላቸውም ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። እንቁላሉ ከጣፋጭ ውሃ ሲደርስ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም ሕፃን ትል በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚያድርበትን ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ያገኘ እንደ ሆነ ግን በቀንድ አውጣው ሆድ ለሳምንታት ይራባል፤ ከአንዱም ብዙ ሺህ ጅራታም ትሎች ይወጣሉ። እነዚህ በዓይን የማይታዩ ናቸው። የሰውን ቆዳ ለመብሳት ቁስል አያሻቸውም፥ ውሃውንም መጠጣት አያስፈልግም፤ ጥቂት ደቂቃ እግርን ነክሮ መቆም ይበቃቸዋል።

አንድ ቀን በሐይቅ ዳር ይህንኑ ስናስረዳ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መረባቸውን እየጠገኑ፥ «ልጆቼ፥ ሐይቁ ባሕር ያህላል፤ የአንድ ሰው ነገር ምን ያደርገዋል?» አሉን። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ዝዋይ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። እኛም፥ «አባባ፥ ሐይቁስ ሰፊ ነው፤ ቀንድ አውጣው ግን የሚኖረው በሐይቁ ሁሉ አይደለም፤ እርስዎ ከቆሙበት ከዚህ ከቄጠማው ሥር ነው» ብለን መለስንላቸው። ጥልቀት የሌለው፥ ረጋ ያለና ሣር የበዛበት ውሃ ለቀንድ አውጣው ቤቱ ነው፤ ለጀልባ ማሳረፊያም የሚመረጠው ብዙ ጊዜ ይኸው ስፍራ ነው። ስለዚህ የሐይቁ ስፋት አያድነንም። ሽማግሌው ዝም ብለው አዳመጡን፤ ማመናቸውን ግን እርግጠኞች አይደለንም።

በሽታው ቀስ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ ይናቃል። በመጀመሪያ ቆዳን ያሳክካል፤ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳትና ሳል ሊያመጣ ይችላል፤ ቆይቶም የሆድ ቁርጠትና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይከተላል። ከእንቁላሎቹ ብዙዎቹ ከሰውነት ሳይወጡ ቀርተው በጉበት ውስጥ ይከማቻሉ፤ ጉበትም ይጠነክራል፥ ጣፊያ ያብጣል፥ ሆድ ውሃ ይቋጥራል። ከዚህ የደረሰ ሰው ድንገት ደም አስታውኮ ሊሞት ይችላል።

ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ያደጉትን ትሎች ይገድላል። ነገር ግን በቅርብ የገቡትን ጨቅላ ትሎች አያጠፋም፤ እንደገና ከመያዝም አይከለክልም። መድኃኒቱን ማክሰኞ ውጦ ረቡዕ ከዚያው ቄጠማ ሥር የሚቆም ዓሣ አጥማጅ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ወደ እኛ ይመጣል።

«እንዶድስ?» የሚሉን አሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው አገራችንን ያስመሰገነ ግኝት ነው። ይሁን እንጂ እንዶድ በወንዝና በቦይ እንጂ እንዲህ ባለ ሰፊ ሐይቅ ኀይሉ ይበተናል፤ ደግሞም እንደ ብርብራ ዘር ሁሉ ለዓሣው አይራራም። ዓሣ አጥማጅን ለማዳን ዓሣውን መግደል አይገባም።

እንግዲህ ለዓሣ አጥማጅ ማኅበራት ከሁሉ አስቀድመን የምንለምነው ጀልባ ከሚያርፍበት ራቅ ብሎ፥ ጎርፍ ከማይደርስበት ቦታ፥ መጸዳጃ ቤት እንዲቆፈር ነው። አዲስ ሞተር ከመግዛት ይህ ይቅደም ብንል የሚስቁብን ይኖራሉ። ከዚህ ቀጥሎ ከእንጨት የተሠራ መቆሚያ ከዳሩ ወደ ጥልቁ ቢዘረጋ ጀልባውን ለማሰር ውሃ ውስጥ መቆም ይቀራል። ረጅም የጎማ ጫማ ያለው ይጫማ። ጅራታሞቹ ትሎች ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጡት ፀሐይ ሲበረታ፥ ወደ እኩለ ቀን ገደማ ስለሆነ፥ መረብ ማጠብንና ዋናን በዚያ ሰዓት አለማድረግ ይጠቅማል፤ ፈጽሞ ያድናል ግን አንልም። ለገላ መታጠቢያ ውሃውን ቀድቶ፥ ቀንድ አውጣ አለመግባቱን አይቶ፥ ከድኖ ሁለት ቀን ማሳደር ትሎቹን ይገድላቸዋል።

ስለ ጥሬ ዓሣም አንድ ነገር እንጨምር። በሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣውን እዚያው አስበልቶ በሚጥሚጣ ጥሬውን መብላት የተወደደ ነገር ነው። ፈረንጆችም ጥሬ ዓሣ ይበላሉ ተብሎ ይነገረናል። እኛም በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ሲበሉ አይተናል፤ ዳሩ ግን ብዙውን ጊዜ ያ ዓሣ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሰባት ቀን በረዶ ሆኖ የቆየ ነው፤ ይህም በሥጋው ውስጥ ያሉትን ትሎች ይገድላቸዋል። የእኛ ቆሮሶ ከመረብ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት አልሞላውም። በሥጋው ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ብጫ ፍሬ የመሰለ ነገር ይገኛል፤ እርሱም የወፍ ትል ልጅ ነው፥ ጥሬውን ለዋጠው ሰው ጉሮሮ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። ሎሚና ሚጥሚጣ አይገድሉትም፤ እሳት ግን ይገድለዋል።

አባ ኮዳዎቹ የዓሣውን ሆድ ዕቃ ሲሻሙ የጽዳት ሠራተኞች ይመስላሉ፤ የሚያነሡትን ያህል ግን ኩሳቸውን በዚያው ስፍራ ይጥላሉ። ስለዚህ ዓሣ የሚበለትበት ጣውላ ከመሬት ከፍ ያለ ይሁን፤ ጣውላውና ቢላዋውም በሐይቁ ዳር ውሃ ሳይሆን በቧንቧ ወይም ፈልቶ በበረደ ውሃ በሳሙና ይታጠቡ።