የውሃ ፓምፕን ስለ መፍታት

ልጆች ሆይ፥ በናፍጣ የሚሠራ የጭነት መኪና ሞተሩ እጅግ እንዳይግል በውስጡ ውሃ ይዞራል። ይህን ውሃ የሚገፋው መሣሪያ የውሃ ፓምፕ ይባላል፤ በተበላሸም ጊዜ ፈትቶ ማውጣት ግድ ነው።

አንድ ተማሪ መካኒክ ይህን ሥራ ታዞ፥ ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት እጁን ዘረጋ። መምህሩም ፈጥኖ እጁን ያዘና «ልጄ፥ ቆይ! ክዳኑ አፍኖ ስለ ያዘው ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ግሎ ሳይፈላ ይቀመጣል፤ በከፈትኸው ጊዜ ግን ገንፍሎ ፊትህን ያቃጥላል» አለው።

ሞተሩ ከበረደ በኋላ ውሃውን በዕቃ ተቀበሉ፤ ፓምፑን የሚያዞረውንም ቺንጋ አወለቁ። ከዚያም ብሎኖቹን በየጥቂቱ እያላሉ ፈቱ፤ ረጅሙ በአጭሩ ስፍራ እንዳይገባም በየተራቸው አኖሯቸው። ፓምፑ ተጣብቆ እንቢ ባለ ጊዜ ተማሪው በብረት ሊፈነቅለው ፈለገ። መምህሩ ግን «የሚገጠምበት ፊት ከተጫረ አዲሱም ውሃ ያፈሳል» ብሎ በእንጨት መዶሻ ቀስ አድርጎ መታው፤ ፓምፑም ወጣ።

ልጆች ሆይ፥ የጠበቁት ጊዜ ጥቂት ነበረ፤ የዳነው ግን የልጁ ዓይን ነው። ሥራ አዋቂ መፍታትን ብቻ ሳይሆን መቆየትንም ያውቃል።