የተበተነውን ዘር አፈር ስለ ማልበስ

ጌታችን የዘሪውን ምሳሌ በተናገረ ጊዜ በመንገድ ዳር የወደቀውን ዘር ወፎች መጥተው እንደ በሉት ነገረን (ማቴዎስ 13፥4)። ይህን ክፍል ስለ ልበ ደንዳናነት ደጋግመን ተምረነዋል፤ መልካምም ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንኖረው በእርሻ ነውና፥ ዛሬ ስለ ዘሩ ራሱና ዘሩን አፈር ስለሚያለብሰው ሰው እንማር።

በእጅ የተበተነ ዘር ተገልጦ ሲያድር ጠላቱ ብዙ ነው። ርግብ ይለቅመዋል፥ ጉንዳን ይወስደዋል፥ ዝናብም ከበረታ ጠርጎ ወደ ቦይ ያወርደዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ፀሐይ ነው፤ ዘሩ እርጥበት ጠጥቶ ካበጠና ሥሩን ማውጣት ከጀመረ በኋላ ቢደርቅ ሁለተኛ አይነሣምና። አፈር የለበሰ ዘር ግን እርጥበቱ ከየወገኑ ይደርሰዋል፥ ቶሎም አይደርቅበትም።

ሆኖም ዘር ሁሉ አንድ ዓይነት ልብስ አይለብስም። ዘር ከበቀለበት ጊዜ ጀምሮ ቅጠሉ ከምድር በላይ እስኪወጣ ድረስ የሚኖረው በውስጡ በያዘው ስንቅ ነው። ባቄላ ስንቁ ብዙ ስለ ሆነ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ከሚሆን አፈር ሥር ይወጣል፤ ለስንዴና ለገብስ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ጤፍ ግን ርዝመቱ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነውና ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊቀበር አይገባውም። ስለዚህ ገበሬዎቻችን ስንዴውንና ገብሱን በትነው በማረሻ ያለብሱታል፤ ለጤፉ ግን እርሻውን አለስልሰው፥ በጥቁር አፈርም በከብት አስረግጠው ይበትኑታል፤ ከዚያም ወይ እንዲሁ ይተዉታል፥ ወይ ቅርንጫፍ ጎትተው ጥቂት አፈር ያቀምሱታል። ፊደል የቈጠረ ወጣት ይህን እንደ ተራ ልማድ አይናቀው፤ ጥበብ ነው። ማረሻ ግን ጉድለት አለበት፤ ከዘሩ አንዳንዱን ከልክ በላይ ይቀብረዋል፥ አንዳንዱንም ከላይ ይተወዋል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ዘሩን አብዝቶ ይበትናል። በዚህ ላይ የአራሹ ችኮላ ሲጨመር ከዘሩ የሚጠፋው ብዙ ነው።

እንግዲህ የዚህ ሥራ ፈተና እዚህ ላይ ነው፤ በሚገባ የለበሰ እርሻና በችኮላ የተጫረ እርሻ ማታ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። በሬ የሌላት መበለት ዘሩን ተበድራ አመጣች እንበል። የሚያርስላት ሰው ትልሙን አራርቆ ቢያልፍ፥ ዳር ዳሩንም ሳይነካ በሬዎቹን ቢፈታ፥ እርስዋ እርፍ ጨብጣ አታውቅምና ነገሩን አታስተውልም። ቡቃያው ሳስቶ በወጣ ጊዜም፥ «ዘሩ የነቀዘ ነበር» ይላታል። ይህ ሐሰት ነው፥ ስርቆትም ነው። ሰውየው ጎተራዋን አልከፈተም፤ ነገር ግን የልጆችዋን የዓመት እንጀራ ወስዶባታል፥ የዘሩም ዕዳ በራስዋ ላይ ቀርቶአል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለታይታ የሚሠራውን ሥራ የሚከለክለው (ቆላስይስ 3፥22-23) ስለ እንደዚህ ያለው ትልም ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ።

በመቀናጆ የሚያርሱም ይጠንቀቁ። ተራው ያለፈ ሰው ጥማዱን ግማሽ ቀን ቢያቈይ ቀላል ይመስለዋል፤ ባልንጀራው ግን ዘሩን በትኖ በሬዎቹን እየጠበቀ ሳለ ዝናብ ይደርስበታል።

አንዳንዱ ደግሞ፥ «ወፎችም የእግዚአብሔር ፍጥረት ናቸው፥ ይብሉ» ብሎ ሲቀልድ ሰምቻለሁ። በእውነት ሕጉ ለድሀና ለምድር አራዊት ድርሻ እንዲተው አዝዞአል (ዘሌዋውያን 19፥9፤ ዘጸአት 23፥11)። ነገር ግን ድርሻው የሚተወው ካፈራው ነው፥ ያውም ከራስ እርሻ። የመበለቲቱን ዘር ለወፍ መመጽወት በሰው ገንዘብ ቸር መሆን ነው።

ባለ እርሻውም በደለኛ ሊሆን ይችላል። የሁለት ቀን ሥራ በአንድ ቀን እንዲያልቅ ሠራተኛውን የሚያጣድፍ፥ ዋጋውንም በዕለቱ የማይከፍል (ዘዳግም 24፥15)፥ ትልሙ ተራርቆ ቢያገኘው በሠራተኛው ብቻ አይቈጣ።

ዘሩን በችኮላ አልብሶ ጥፋቱን ያወቀ ሰው ቢኖር ንስሐውን ለጸሎት ሰዓት ብቻ አያቈየው። ቡቃያው ሳስቶ እንዳየ ሄዶ እውነቱን ይንገራት፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚነገር እውነት እርሻዋን አይረዳም። መሬቱ ጥቁር አፈር ከሆነ፥ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ በቀረው እርጥበት ሽምብራ መዝራት ይቻላል። የሳሳውን ገልብጦ ይረስላት፥ የሽምብራውን ዘር ከራሱ ጎተራ ያውጣ፥ ሲያለብሰውም ትልሙን ያቀራርብ፥ ዳር ዳሩንም አይተው።