ስለ ሲሊኮን የፍሬን ዘይትና ስለ አሮጌ አውቶሞቢሎች

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ፍሬን ዘይት ለመጻፍ ብዕር ስናነሣ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን «ድንበር ተሻገራችሁ» ሊሉን እንደሚችሉ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ጥፋቱ ከእኛ የተጀመረ ስለ ሆነ፥ ከጥፋቱ የተገኘውንም ትምህርት ለሌላው ማካፈል የእኛው ዕዳ ነው ብለን አምነናል።

1ኛ፤ የነገሩ መነሻ

ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ተማሪዎች ለዕረፍት አገራችን ገብተን ስንመለስ፥ የአንዳችን አጎት ከነፋስ መውጫ እስከ ባሕር ዳር በመኪናቸው ሊያደርሱን ፈቀዱ። መኪናቸው ዕድሜ ጠገብ ቮልስዋገን ናት። ጋሼ ይህችን ቮልስ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩዋት፤ ክረምቱን ሙሉ በሸራ ሸፍነው ያስቀምጧታል፤ በጋ ሲሆን ይወለውሏታል። በውጭ አገር የሚኖር አንድ ዘመዳቸውም ይህን ፍቅራቸውን ስለሚያውቅ አንድ ጠርሙስ ሐምራዊ የፍሬን ዘይት ልኮላቸው ነበር።

ከመነሣታችን በፊት ጋሼ ጠርሙሱን አምጥተው «ልጆቼ፥ እናንተ እንግሊዝኛ ታውቃላችሁ፤ እስቲ ምን እንደሚል አንብቡልኝ» አሉን። እኛም ኰራ ብለን አነበብን። «ሲሊኮን ነው ይላል፤ ውሃ አይጠጣም፤ የመኪና ቀለም አይልጥም፤ እስከ 260 ዲግሪ ሙቀት ድረስ አይፈላም» አልናቸው። ጋሼም ደስ ብሏቸው ጠርሙሱን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዱት፤ መካኒኩም በማጠራቀሚያው ውስጥ በነበረው አሮጌ ዘይት ላይ ጨምሮ ሞላው።

አራት ሰዎችና አንድ ጆንያ ድንች ጭነን ደብረ ታቦርን አልፈን ወደ ወረታ መውረድ ስንጀምር፥ ጋሼ ቤንዚን ለመቈጠብ ሲሉ ማርሹን አውጥተው በባዶ ለቀቋት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከፊታችን ከብቶች ሲሻገሩ ፍሬኑን ቢረግጡት ፔዳሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ እስከ ወለሉ ድረስ ወረደ። ሁለተኛ ረገጡት፤ ያው ነው። በሦስተኛው ጥቂት ያዘ። በዚያች ቅጽበት ጋሼ ማርሽ አስገቡ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፤ መሪውንም በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል አዙረው ከአፈሩ ግድግዳ ጋር አላተሟት። ፓራፋንጎዋ ከመጨማደዱ በቀር በሰውም በከብትም ላይ ጉዳት አልደረሰም። ለረዥም ጊዜ ማንም አልተናገረም። በመጨረሻ ጋሼ «ፍሬን በጠሰች» አሉ።

ተአምር የመሰለን ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቈይተን ፔዳሉን ብንሞክረው እንደ ቀድሞው ጠንክሮ ተገኘ! የተበጠሰ ገመድ ራሱን አይቀጥልም። እንግዲያስ የተበጠሰው ምን ነበር?

2ኛ፤ ፍሬን እንዴት ይይዛል?

ቋንቋችን «ፍሬን በጠሰ» ሲል በገመድ ይመስላል። ይህ አባባል ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ከቮልስዋገን መኪናዎች ውስጥ ርካሹ ዐይነት እስከ 1962 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የእግር ፍሬኑ በሽቦ ገመድ ይሳብ ነበር። የጋሼ መኪና ግን፥ እንደ አብዛኞቹ መኪናዎች፥ የእግሯን ኀይል ወደ ጎማዎቹ የምታስተላልፈው በፈሳሽ ነው።

የዚህ ሕግ ፈልሳፊ ብሌዝ ፓስካል ነው። ስሙን በፍልስፍና ክፍል የምናውቀው ያው ፈረንሳዊ በ17ኛው መቶ ዓመት እንዳስረዳው፥ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለን ፈሳሽ በአንድ በኩል ብንጫነው ግፊቱ ሳይቀነስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይደርሳል። ስለዚህ እግራችን ፔዳሉን ሲጫን፥ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ያለው ዘይት ግፊቱን ወደ እያንዳንዱ ጎማ ያደርሳል፤ የፍሬኑ ሸራም ተገፍቶ ከታምቡሩ ጋር ይፋተጋል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ፈሳሹ ፈሳሽ ሆኖ እስከ ቈየ ድረስ ነው። ፈሳሽ ቢጫኑት አይታመቅም፤ አየርና እንፋሎት ግን እንደ ጥጥ ይታመቃሉ። በቱቦው ውስጥ ዘይቱ ፈልቶ የእንፋሎት አረፋ ካበጀ፥ የእግራችን ኀይል አረፋውን በማሳነስ ያልቃል፤ ጎማው ጋ የሚደርስ ነገር የለም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፔዳሉም ይጠነክራል። የጋሼ ፍሬን አልተበጠሰም፤ ፈልቶ ነበር።

3ኛ፤ ሁለቱ የዘይት ወገኖች

የፍሬን ዘይት «ዘይት» ይባል እንጂ እንደ ሞተር ዘይት ያለ አይደለም፤ የሞተር ዘይት በአብዛኞቹ ፍሬኖች ውስጥ ቢጨመር ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋል። በገበያ ላይ የምናገኘው የፍሬን ዘይት በአሜሪካ መንግሥት ደረጃ «ዶት» እየተባለ በቍጥር ይለያል። ዶት 3፥ ዶት 4ና ዶት 5.1 በግላይኮል የተሠሩ የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው። ዶት 5 ብቻ ለብቻው ሲሊኮን ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ 5 እና 5.1 በቍጥር ጎረቤት ይምሰሉ እንጂ በባሕርይ ባዕዳን ናቸው። ዶት 5 በሐምራዊ ቀለሙ ይታወቃል።

የግላይኮሉ ወገን ውሃ ወዳድ ነው። ከአየር ውስጥ ያለውን እርጥበት በማጠራቀሚያው ክዳንና በጎማ ቱቦዎቹ በኩል ቀስ በቀስ ይጠጣል። ስለዚህም እያንዳንዱ ዘይት ሁለት የመፍላት ልክ አለው። ዶት 3 አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ከ100 እጅ 3.7 ያህል ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ከዚህም በቀር በመኪና ቀለም ላይ ቢፈስ ይልጠዋል።

ሲሊኮኑ ውሃ አይጠጣም፤ ቀለምም አይልጥም፤ አዲስ ሳለ እስከ 260 ዲግሪ ይታገሣል። እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ኤም ጂና ትራያምፍ የመሳሰሉትን የቆዩ የስፖርት አውቶሞቢሎች የሚንከባከቡ ሰዎች የሚወዱት ስለዚህ ነው። እነዚህ መኪናዎች ከዓመቱ ብዙውን ጊዜ በቤት ውስጥ ቆመው ያሳልፋሉ፤ በቆሙበትም ውሃ የጠጣ ዘይት ፍሬናቸውን ከውስጥ ያዝገዋል። የአሜሪካ ጦር ሠራዊትም በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሊኮንን የመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብዙ መኪናዎቹ ለረዥም ጊዜ ተከማችተው የሚቀመጡ ነበሩና።

እንግዲህ ሲሊኮኑ በሁሉም የሚበልጥ ይመስላል። ነገር ግን ውሃ አለመጠጣቱ ራሱ ሌላ መዘዝ አለው። ዘይቱ ውሃ አልጠጣም ማለት ውሃው የለም ማለት አይደለም። በሆነ መንገድ የገባች ጠብታ በግላይኮል ውስጥ ብትሆን ትሟሟና ትበተናለች፤ በሲሊኮን ውስጥ ግን ከዘይቱ ስለምትከብድ ወደ ታች ትዘቅጣለች። የፍሬኑ ዝቅተኛ ስፍራ ደግሞ እጅግ የሚሞቀው የጎማው አካባቢ ነው። በዚያ ተጠራቅማ ብረቱን በአንድ ቦታ ታዝገዋለች፤ ሲሞቅም እንደ ማንኛውም ውሃ ትፈላለች።

ሁለተኛም ሲሊኮን ከግላይኮል ይልቅ በመጠኑ ይታመቃል፤ አየርንም በውስጡ አሟሙቶ ይይዛል። በችኰላ ከተቀዳ ደቃቅ አረፋ ይዞ ይገባል፤ አረፋውንም ማስወጣት አስቸጋሪ ነው። በዚህ ምክንያት ፔዳሉ እንደ ሰፍነግ የላላ ሊሆን ይችላል። ኤቢኤስ ለተገጠመላቸው አዳዲስ መኪናዎችም ፈጽሞ አይሆንም።

ሦስተኛውና ዋናው፥ ሁለቱ ወገኖች አይዋሐዱም። ወረታ ደርሰን አንድ ሽማግሌ መካኒክ የጋሼን ፍሬን ዘይት በንጹሕ ጠርሙስ ሲያወጡት በዓይናችን አይተናል። ከላይ ሐምራዊ፥ ከታች ደግሞ እንደ አሮጌ ጠላ የጠቈረ ሆኖ ለሁለት ተከፍሎ ቆመ። አዲሱ ከላይ በማጠራቀሚያው ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል፤ ጎማዎቹ ጋ የነበረው ያው ለዓመታት ያልተለወጠው፥ ውሃ ሲጠጣ የኖረው ነው። በቁልቁለቱም የፈላው እርሱ ነበር።

4ኛ፤ የአገራችን ቁልቁለት

ይህ ጉዳይ በእኛ አገር ከሌላው ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደብረ ታቦር 2,700፥ ወረታ ደግሞ 1,800 ሜትር ያህል። ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ ባለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ 900 ሜትር እንወርዳለን ማለት ነው። 11 ኩንታል የምትመዝን የተጫነች ቮልስ ይህን ያህል ስትወርድ የሚለቀቀው ጕልበት፥ ሁሉም ወደ ሙቀት ቢለወጥ፥ ከ30 ሊትር በላይ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ 90 ዲግሪ ያሞቃል። ማርሽ ከገባ ከዚህ ሙቀት ብዙውን ሞተሩ ይሸከመዋል። በባዶ ሲለቀቅ ግን ከነፋሱና ከጎማው ድርሻ በቀር ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ጋሼ ያተረፉት አንድ ሁለት ብርጭቆ ቤንዚን ነበር።

ከዚህም ጋር፥ ከፍ ባለ አገር አየሩ ስለሚሳሳ ፈሳሽ ሁሉ ከልማዱ ባነሰ ሙቀት ይፈላል። እናቶቻችን በጋይንት ባቄላ ለመቀቀል ብዙ ማገዶ የሚፈጁት ውሃው በ90 ዲግሪ አካባቢ እየፈላ ከዚያ በላይ አልሞቅ ስለሚላቸው ነው። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ልክ በባሕር ወለል የተለካ ነው፤ በጉና ትከሻ ላይ ያለ ሾፌር ግን ከዚያ ቀንሶ ማሰብ አለበት። በሲሊኮን ውስጥ የሟሟውም አየር ከፍታና ሙቀት ሲገናኙ የመውጣት ዝንባሌ አለው።

ይህ አገር ከባድ ነገርን ቁልቁል የማውረድን ፈተና ከመኪና በፊትም ያውቀዋል። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን ሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያስጓዙት በዚሁ በጋይንት፥ በጨጨሆ በኩል ነው። መድፉ በጠፍርና በሰው ጕልበት ተጐትቶ ወራት ፈጀ። ሽቅብ ሲወጣ የሚስብ፥ ወደ በሽሎ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ከኋላ የሚይዝ ያስፈልገው እንደ ነበር ማንም ይገምታል። በዚያን ጊዜ መያዣው ቢበጠስ በዓይን ይታይ ነበር፤ የዛሬው መያዣ ግን በቱቦ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚደክመው።

5ኛ፤ ምን ይደረግ?

እንግዲህ ከጠየቅናቸው መካኒኮችና ካነበብነው የደረስንበት አሳብ የሚከተለው ነው።

ሀ) በደጋ ቁልቁለት ለሚሠራ አሮጌ መኪና የሚሻለው ዶት 4 ነው፤ በየሁለት ዓመቱም በሙሉ ይለወጥ። የጐደለውን መሙላት መለወጥ አይደለም።

ለ) ብዙ ጊዜ ቆማ ለምትቀመጥ፥ ለረዥም ቁልቁለትም ለማትወጣ የተወደደች መኪና ሲሊኮን መልካም ነው። ነገር ግን አሮጌው ዘይት እስከ ጠብታው ይውጣ፤ ቱቦዎቹ በንጹሕ አልኮል ታጥበው ይድረቁ፤ ጎሚኒዎቹ ሁሉ በአዲስ ይለወጡ። ከዚያም ጠርሙሱ ሳይናወጥ፥ ዘይቱ በቀስታ ይቀዳ። ውሃ አይጠጣም ተብሎም ለዘለዓለም አይተው።

ሐ) ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ምን እንደ ሆነ ካልታወቀ ምንም አይጨመር፤ አስቀድሞ ይመርመር።

መ) ቁልቁለትን ስትወጡት በምትጠቀሙበት ማርሽ ውረዱት። ፔዳሉ ከላላ ደጋግማችሁ ርገጡ፤ ማርሽ ቀንሱ፤ የእጅ ፍሬኑን በቀስታ ሳቡ። በቮልስ የእጅ ፍሬን ዛሬም በሽቦ ገመድ ስለሚሠራ ዘይቱ ቢፈላም እርሱ ይይዛል። እኛን ያተረፈን ይኸው ነው።

የቀረው የእኛ ኑዛዜ ነው። አደጋው ካለፈ በኋላ ያንኑ ባዶ ጠርሙስ አንሥተን እንደ ገና አነበብነው። ቀለም አይልጥም፥ እስከ 260 ዲግሪ አይፈላም ከሚለው በታች፥ ደቀቅ ባለ ፊደል፥ ከሌላ የፍሬን ዘይት ጋር እንዳይቀላቀል የሚያስጠነቅቅ አንድ መስመር ነበረበት። እኛ ምስጋናውን አንብበን ማስጠንቀቂያውን ትተነው ነበር። መካኒኩ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ጋሼም አያውቁም፤ የምናውቅ እኛ ነበርን፤ ሥራችንም ማንበብ ነው።

ጋሼ አልተቈጡንም። «ልጆቼ፥ ለሰው ስታነቡ እስከ መጨረሻው አንብቡ» ብቻ አሉን። በየአገራችን ስንገባ የመድኀኒት ብልቃጥ፥ የማዳበሪያ ጆንያ፥ የፍርድ ቤት ወረቀት ይዘው «እስቲ አንብብልኝ፤ እስቲ አንብቢልኝ» የሚሉን ብዙዎች ናቸውና፥ ምክራቸውን ለእናንተም አስተላለፍን።