የማይወድቀው መሰናክል

የመሰናክል ስፖርቶች ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጋራሉ፤ በፍጥነት ወደ ፊት የሚጓዝ አካል በመንገዱ ላይ የቆመውን ነገር ለማለፍ ምን ያህል ፍጥነት ይከፍላል? መልሱ እንደ መሰናክሉ ዓይነት ይለያያል።

በወንዶች 110 ሜትር 106.7 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው 10 መሰናክሎች በ9.14 ሜትር ርቀት ይደረደራሉ። በመካከላቸው የሚበቁት ሦስት እርምጃዎች ብቻ ናቸው። በአየር ላይ ያለ ሯጭ መሬቱን መግፋት ስለማይችል ፍጥነት ሊጨምር አይችልም፤ ስለዚህ ደረቱን ወደ ጭኑ አጥፎ የክብደት ማዕከሉን በተቻለ መጠን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። በ400 ሜትር ደግሞ መሰናክሎቹ በ35 ሜትር ርቀት የቆሙ ሲሆኑ፣ ዋናው ፈተና ድካም እርምጃን ማሳጠሩ ነው። መሰላልና ተንጠልጥሎ ማለፊያ ያለበት አዲሱ ዘርፍም የፈረስ ግልቢያን ተክቶ ወደ ዘመናዊ ፔንታትሎን ገብቷል።

ለእኛ አንባቢ የሚቀርበው ግን እሸቱ ቱራ እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ኦሎምፒክ የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘበት የ3,000 ሜትር መሰናክል ነው። ሯጩ 28 ደረቅ መሰናክሎችንና 7 የውሃ ዝላዮችን ያልፋል፤ ከፍታቸው ለወንዶች 91.4 ሴንቲ ሜትር ነው። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሯጭ በእያንዳንዱ የክብደት ማዕከሉን 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያደርጋል ብለን እንውሰድ። 60 በ9.8፣ ከዚያም በ0.3 ሲባዛ 176 ጁል ገደማ ይሆናል። የ35ቱ ድምር ከ6,000 ጁል ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ይህም አንድ ሊትር ውሃን በ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ቢያሞቅ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ሰዓቱ የት ይሄዳል? ለሜቻ ግርማ እ.ኤ.አ. በ2023 በፓሪስ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር 7 ደቂቃ ከ52.11 ሰከንድ ሮጧል። ያለ መሰናክል ያኮብ ኢንገብሪግትሰን በ2024 ያስመዘገበው 7 ደቂቃ ከ17.55 ሰከንድ ነው። ሯጮቹ የተለያዩ ስለሆኑ ንጽጽሩ ግምታዊ ቢሆንም፣ ልዩነቱ ለ35 ሲካፈል ለአንድ መሰናክል ወደ 1 ሰከንድ ይጠጋል። ከመነሳት ይልቅ ማረፍ ውድ ነው፤ ከሰውነቱ ቀድሞ መሬት የሚነካው እግር ሯጩን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ የተበላሸውን የእርምጃ ምት ማስተካከልም ጊዜ ይበላል።

የውሃውን ዝላይ እንመልከት። ሯጩ አግዳሚውን ረግጦ በሰከንድ በ6.35 ሜትር (ይህ የለሜቻ አማካይ ፍጥነት ነው) ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ቢወረወር፣ በ0.43 ሰከንድ ውስጥ 2.7 ሜትር ያህል ይጓዛል። የውሃው ስፍራ ርዝመት ግን 3.66 ሜትር ነው። ጉድጓዱ ወደ ፊት ከፍ እያለ ስለሚሄድ የሚያርፈው ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ነው። እግሩ እንዳይረጥብ ወደ ላይ የሚዘል ሯጭ፣ በእኔ ግምት፣ ያተረፈውን ሁሉ ከባድ በሆነው ማረፊያው ላይ መልሶ ይከፍላል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። የአጭር ርቀት መሰናክል እግሮቹ ወደ ሯጩ የተዘረጉ ስለሆኑ፣ ከላይ በ35 ኒውተን ገደማ ሲገፋ መውደቅ ይጀምራል። የ3,000 ሜትሩ መሰናክል ክብደት ግን ከ80 እስከ 100 ኪሎ ግራም ነው፤ እግሮቹም በሁለቱም ወገን 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይዘረጋሉ። ቀላሉን እንኳ ለመገልበጥ 80 በ9.8፣ በ0.6 ተባዝቶ ለ0.914 ሲካፈል ከ500 ኒውተን በላይ ያስፈልጋል፤ ከአጭር ርቀቱ 14 እጥፍ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ ፍጻሜ የመጨረሻ ዙር ላይ ለሜቻ ከመሰናክሉ ጋር ተጋጭቶ ወድቆ በቃሬዛ ሲወሰድ፣ መሰናክሉ በቦታው ቆሞ ነበር።