ፋስት፦ ፍጥነት ወይስ ፅናት?

 

ዛሬ ስለ አንድ ትንሽ የእንግሊዝኛ ቃል እናውራ። «ፋስት» ምን ማለት ነው ብትባሉ ብዙዎቻችሁ «ፈጣን» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። ረመዷን ሲመጣ ግን ይኸው ቃል ፆም ይሆናል። የሥራ ባልደረባችሁ ምሳ ጋብዟችሁ «አይ አም ፋስት» ብትሉት «ፈጣን ነኝ» ያላችሁት ይመስለዋል፤ ምናልባትም «እንግዲያውስ ቶሎ ብሉ!» ይላችኋል። ማለት ያለባችሁ «አይ አም ፋስቲንግ» ነው።

ፍጥነትንና ፆምን ምን አገናኛቸው? ቃሉ በጥንታዊው እንግሊዝኛ መጀመሪያ የነበረው ትርጉም «ፅኑ፣ ጥብቅ፣ የማይነቃነቅ» የሚል ነው። ይህ ትርጉም ዛሬም አልጠፋም፦

• አውሮፕላን ውስጥ «ፋስን ዩር ሲት ቤልት» ሲባል ቀበቷችሁን አጥብቃችሁ እሰሩ ማለት ነው፤ ፍጠኑ ማለት አይደለም።

• «ሆልድ ፋስት» አጥብቀህ ያዝ፣ «ስታንድ ፋስት» ደግሞ ሳታፈገፍግ ባለህበት ፅና ማለት ነው።

• «ፋስት አስሊፕ» የተባለ ሰው ቶሎ የተኛ ሳይሆን ጭልጥ ያለ እንቅልፍ የወሰደው ነው።

• «ከለር ፋስት» የሆነ ጨርቅ ሲታጠብ ቀለሙን አይለቅም።

• «ብሬክፋስት» የሌሊቱ ፆም የሚፈታበት ቁርስ ነው። በዐረብኛም የቁርስ ስም «ፈጡር» እና የኛ «ኢፍጣር» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው።

አንድ መጠንቀቂያም ልጨምርላችሁ። ሰዓት «ፋይቭ ሚኒትስ ፋስት» ነው ከተባለ 5 ደቂቃ ቀድሟል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ብታፈጥሩ መግሪብ ሳይገባ በላችሁ!

እንግዲህ ከዚያ ከ«ፅኑ» ትርጉም ሁለት መንገዶች ወጡ። አንደኛው፣ ራስን አጥብቆ መያዝ፤ ይህ ፆም ሆነ። ሁለተኛው፣ አንድን ነገር አጥብቆ፣ በሙሉ ኃይል መሥራት፤ በሙሉ ኃይሉ የሚሮጥ ሰው ፈጣን ነውና ቃሉ ፍጥነትን ያዘ።

የዐረብኛው «ሰውም» ቃልም መሠረቱ መታቀብ፣ ራስን መግታት ነው። በሱረቱ መርየም ውስጥ መርየም (ዐ.ሰ) ለአላህ ሰውም ተስላ በዚያ ቀን ሰው አላናገረችም። የእሷ ሰውም ምላስን መያዝ ነበር። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመድ አይደሉም፤ ፆምን የሰየሙት ግን ራስን ከመያዝ ተነስተው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ «ፋስት» ሲባል የምንወደው ፍጥነቱን ብቻ ነው። ኢንተርኔቱ ፈጣን ይሁን፣ ዱዓችን ዛሬውኑ መልስ ያግኝ፣ ተራዊሑ ቶሎ ይለቅ። በረመዷን መጀመሪያ ቁርኣን በ3 ቀን ለማኽተም እንነሳለን፤ ሸዋል ሲገባ ሙስሐፉ አቧራ ይለብሳል። ፈጥነን ነበር፤ አልፀናንም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ዘንድ ይበልጥ የተወደደው ሥራ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን አስተምረውናል። ይህን ሐዲሥ ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ይዘው ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዛሬ ከዐስር በኋላ ቁጭ በሉና አንድ ሥራ ብቻ ምረጡ። በቀን አንድ ገፅ ቁርኣን ሊሆን ይችላል። የሰኞና የሐሙስ ፆም ከከበዳችሁ፣ በጨረቃ አቆጣጠር በየወሩ 13ኛውን፣ 14ኛውንና 15ኛውን ቀን መፆም ይቻላል። ብቻ የማትለቁትን ያዙ። የሚቀጥለው ጁመዐ ሲመጣ «ስንት ሠራሁ?» ሳይሆን «አሁንም ይዤዋለሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

አላህ ከሚፀኑት ያድርገን፣ አሚን። የጠቀማችሁ ከሆነ ለጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።